“1080ፒ ነው” የተባለው ቪዲዮ ለምን ይደበዝዛል?

ሁለት ፋይሎች ጎን ለጎን ከፍቻለሁ። ሁለቱም ከአንድ ካሜራና ከአንድ ቀረጻ የወጡ ናቸው፤ ልጆች ረዘም ያለ ሣር ላይ ሲሯሯጡ፣ ካሜራው ደግሞ ሲከተላቸው ያሳያሉ። ርዝመታቸው አንድ አንድ ደቂቃ ነው፤ መጠናቸውም እኩል 15 ሜጋባይት። የሚለያዩት በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ የመጀመሪያው 1080ፒ፣ ሁለተኛው 720ፒ ሆኖ ወጥቷል። የቱ ይሻላል ቢባል፣ ሳያይ የሚመልስ ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን ይመርጣል።

ሲታዩ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። በ1080ፒው ውስጥ ልጆቹ መሮጥ ሲጀምሩ ሣሩ ሣርነቱን ያጣል። ሰበዞቹ ይጠፉና ቦታቸውን አረንጓዴ እድፍ የመሰለ ነገር ይይዘዋል፤ ቀረብ ብሎ ላየው ትንንሽ አራት ማዕዘን ቁርጥራጮች ጠርዝ ለጠርዝ ተገጣጥመው ይታያሉ። የአንዷ ልጅ ፀጉር ዙሪያውን ይንቀጠቀጣል፤ ዓይኗና ቅንድቧ ይቀላቀላሉ። ካሜራው ቆም ሲል ሣሩ በግማሽ ሰከንድ ውስጥ ቀስ በቀስ ተመልሶ ይመጣል። በ720ፒው ላይ ሣሩ ትንሽ ለስለስ ይላል፤ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሣር ነው። የልጅቷም ፊት ያው ፊቷ ነው።

ቪዲዮ በማቀናበር ሥራ ላይ ዓመታት ቆይቻለሁ። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ሰዎች ደግመው የማያገኙትን ቀረጻ በአንድ ቁጥር እምነት ሲያበላሹት ማየት ነው። ስለዚህ ጉዳዩን ከሥሩ ላስረዳ።

ሪዞሉሽን ማለት ሥዕሉ በስንት ነጥብ እንደተከፋፈለ የሚናገር ቁጥር ነው። 1080ፒ ስንል ወደ ጎን 1920፣ ወደ ታች 1080 ፒክስል ማለታችን ነው፤ ሲባዛ 2,073,600 ፒክስል ይሆናል። 720ፒ 1280 በ720፣ ማለትም 921,600 ነው። ከ720 ወደ 1080 መሄድ በስም ሲሰሙት ግማሽ ያህል ጭማሪ ይመስላል፤ በፒክስል ብዛት ግን ከእጥፍ በላይ፣ በትክክል 2.25 እጥፍ ነው። 4ኬ ደግሞ የ1080ፒ አራት እጥፍ ነው፤ 8,294,400 ፒክስል።

ቢትሬት ሌላ ነገር ነው። ለአንድ ሰከንድ ቪዲዮ ስንት ቢት መረጃ እንደተመደበ ይነግረናል። ከላይ ያሉት ሁለት ፋይሎች በሰከንድ 2 ሜጋቢት ተመድቦላቸዋል። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ፣ 2 ሜጋቢት በ60 ሰከንድ ተባዝቶ ለ8 ሲካፈል 15 ሜጋባይት ይመጣል። የፋይሉን መጠን የሚወስነው ይህ ብቻ ነው፦ ቢትሬትና ርዝመት። ሪዞሉሽን በስሌቱ ውስጥ የለም። ብዙ ሰው ሪዞሉሽን ሲጨምር ፋይሉ የሚከብድ ይመስለዋል፤ የሚከብደው ግን ሶፍትዌሩ ሪዞሉሽኑን አይቶ ቢትሬቱን በራሱ ስለሚጨምርለት ነው። ቢትሬቱን ራሳችሁ በአንድ ቁጥር ላይ ከወሰናችሁት፣ 4ኬ ብታደርጉትም ክብደቱ አይነቃነቅም።

አሁን አንድ ስሌት አብረን እንሥራ። ምንም ሳይጨመቅ ቢቀመጥ እያንዳንዱ ፒክስል ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ 8 ቢት እየያዘ በጠቅላላው 24 ቢት ይወስዳል። አንድ የ1080ፒ ፍሬም፣ ማለትም ቪዲዮውን ከሚሠሩት ተከታታይ ሥዕሎች አንዱ፣ ወደ 50 ሚሊዮን ቢት ይሆናል ማለት ነው። በሰከንድ 30 ፍሬም ሲሆን ወደ 1.5 ቢሊዮን ቢት ይደርሳል። የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ብቻውን 672 ጊጋባይት ገደማ ይይዝ ነበር። እኛ በየቀኑ የምናየው ቪዲዮ ግን በሰከንድ 5 ሜጋቢት አካባቢ ነው። ከካሜራው ዓይን ከገባው 300 ቢት ውስጥ እኛ ዘንድ የሚደርሰው አንዱ ብቻ ነው። ይህን ሳስበው ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ቀሪው 299 ሲጣል አለማስተዋላችን ትልቅ ጥበብ ነው።

ጥበቡ በሦስት ደረጃ ይሠራል። መጀመሪያ የሚቀነሰው ቀለም ነው። ዓይናችን ብርሃንና ጥላን በደንብ ይለያል፤ ቀለምን ግን ያን ያህል በጥቃቅኑ አይለይም። ስለዚህ የብርሃኑ መረጃ ለእያንዳንዱ ፒክስል ይያዝና የቀለሙ ለአራት ፒክስል አንድ ጊዜ ብቻ ይመዘገባል። በዚህ ብቻ ግማሹ መረጃ ይወድቃል፤ ልዩነቱን የሚያስተውለው ሰው ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ድግግሞሽን ማስወገድ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚናገር ሰው ከኋላው ያለው ግድግዳ በዚህ ፍሬምም በሚቀጥለውም ያው ነው። ስለዚህ ኢንኮደሩ (ቪዲዮውን የሚጨምቀው ሶፍትዌር) አንዴ ሙሉ ሥዕል ያስቀምጥና ከዚያ በኋላ የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባል፤ “ይህ ቁራጭ አምስት ፒክስል ወደ ግራ ሄዷል፣ ያኛው እንዳለ ይቆይ” እያለ። ሙሉው ሥዕል ኪፍሬም ይባላል። በጣም በተጨመቀ ቪዲዮ ላይ ሥዕሉ በየጥቂት ሰከንዱ ብልጭ ብሎ የሚጠራ፣ ከዚያ ቀስ እያለ የሚደፈርስ ሲመስላችሁ አዲስ ኪፍሬም መጥቶ ነው።

ሦስተኛው ላይ ነው ጥራት በትክክል የሚጠፋው። ሥዕሉ በትንንሽ ካሬ ይከፋፈላል፤ ኤች.264 በሚባለው የመጭመቂያ ዘዴ ዋናው ካሬ 16 በ16 ፒክስል ነው። በካሬው ውስጥ ያለው ነገር እንደ ሰፊና ጠባብ ሞገዶች ድምር ሆኖ በቁጥር ይገለጻል። የዚህ ስሌት መሠረት ናሲር አህመድ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በ1974 ያሳተመው ዘዴ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቁጥሮቹ ከወጡ በኋላ ይጠጋጋሉ። 47 የነበረው 50 ይሆናል፣ 3 የነበረው ዜሮ ይሆናል። ዜሮ የሆነውን መጻፍ አያስፈልግም፤ ቁጠባውም ከዚያ ይመጣል። መጀመሪያ ወደ ዜሮ የሚወርዱት የጥቃቅን ነገሮች ቁጥሮች ናቸው፦ የሣር ሰበዝ፣ የፀጉር ዘለላ፣ የጨርቅ ሽመና፣ የቆዳ መስመር። ቢትሬቱ ባነሰ ቁጥር ማጠጋጋቱ ይበረታል። በጣም ሲበረታ ካሬው ውስጥ አንድ ወጥ ቀለም ብቻ ይቀርና የካሬዎቹ ጠርዝ ራሱ ይወጣል። ያ የምናውቀው የተቆራረጠ ሥዕል ይኸው ነው።

ወደ ሁለቱ ፋይሎች እንመለስ። በሰከንድ 2 ሜጋቢት ለ30 ፍሬም ሲካፈል ለአንድ ፍሬም 66,667 ቢት ገደማ ይደርሳል። 1080ፒ 8,160 ካሬ አለው፤ ለአንዱ ካሬ የሚደርሰው በአማካይ 8 ቢት ነው። 720ፒ 3,600 ካሬ አለው፤ ለአንዱ ከ18 ቢት በላይ ይደርሰዋል። 8 ቢት ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት፣ አሁን የምታነቡት ጽሑፍ እያንዳንዱ ፊደል፣ “ሀ” ብትሉ “ለ”፣ በተለመደው የኮምፒውተር አጻጻፍ 24 ቢት ይይዛል። ስለዚህ በ1080ፒው ውስጥ 256 ፒክስል ያለበት ካሬ፣ ሣሩም ጥላውም የልጅቷ ጉንጭም፣ የአንድ ፊደል ሲሶ በምትሆን ቦታ ተገልጾ እንዲያልቅ ተፈርዶበታል ማለት ነው። በ720ፒው የአንድ ፊደል ሦስት አራተኛ ያህል ያገኛል። እሱም ብዙ አይደለም፤ ግን ሣሩን ሣር ለማድረግ በቅቷል።

በእርግጥ ይህ አማካይ ነው። ያልተንቀሳቀሰ ካሬ ከሞላ ጎደል ምንም አይፈጅም፤ የተረፈው ለተንቀሳቀሰው ይሰጣል። ስለዚህ ያው 2 ሜጋቢት፣ ያው 1080ፒ፣ ተቀምጦ ለሚያስተምር ሰው ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሣር፣ ነፋስ የሚያወዛውዘው ዛፍ፣ ዝናብ፣ የሚወርድ ውኃ፣ የሕዝብ ብዛት፣ የሚበተን ባለቀለም ወረቀት ሲመጣ ግን ኢንኮደሩ የሚይዘው የሚጨብጠው ያጣል። ካለፈው ፍሬም የሚገለብጠው ነገር የለም፤ ሁሉም አዲስ ነው። ስለዚህ “ለ1080ፒ ስንት ቢትሬት ይበቃል?” ተብሎ ሲጠየቅ አንድ ቁጥር ቆርጦ የሚሰጥ ሰው ስለ ምን ቪዲዮ እንደሚያወራ መጠየቅ አለበት።

ኔትፍሊክስ ራሱ ይህን በሥራ ላይ አድርጎታል። ቀድሞ ለሁሉም ፊልም አንድ ዓይነት መሰላል፣ ማለትም አንድ ዓይነት የሪዞሉሽንና የቢትሬት ደረጃዎች፣ ይጠቀም ነበር፤ ከላይ 1080ፒ በሰከንድ 5,800 ኪሎቢት። በ2015 መጨረሻ ግን እያንዳንዱ ፊልም የራሱ መሰላል እንዲኖረው ማድረግ መጀመሩን አሳወቀ። ወጥ ቀለም የበዛበት የካርቱን ፊልም ከዚያ በጣም ባነሰ ቢትሬት ጥርት ብሎ ሲታይ፣ ግርግርና ብናኝ የበዛበት ደግሞ በዚያም አይጠግብም።

ሌላም ማስረጃ አለ። በ2020 ማርች ወር ብዙ ሰው ቤቱ ሲዘጋበት፣ የአውሮፓ ኅብረት ባለሥልጣናት የቪዲዮ ኩባንያዎች የኔትወርኩን ጫና እንዲቀንሱ ጠየቁ። ዩቲዩብ ቪዲዮዎቹ ሲከፈቱ በዝቅተኛ ሪዞሉሽን እንዲጀምሩ አደረገ። ኔትፍሊክስ በሌላ መንገድ ሄደ፤ ቢትሬቱን ቀነሰ። ለ4ኬ የሚከፍል ደንበኛ ያን ጊዜም 4ኬ ነበር የሚደርሰው፤ ከፍተኛዎቹ ቢትሬቶች ግን ለጊዜው ተነሥተው ነበር፤ በዚህም የትራፊኩ ሩብ ያህል እንደሚቀንስ ኩባንያው ገምቷል። ቁጥሩ ያው ሆኖ የሚደርሰው መረጃ በሩብ ሊያንስ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ አላውቅም።

ታዲያ ሰው ለምን ቁጥሩን ያምናል? ምክንያት አለው፤ አልወቅሰውም። ዩቲዩብ ላይ ከ480 ወደ 1080 ስትቀይሩ ሥዕሉ ዓይናችሁ እያየ ይጠራል። ግን በዚያች ቅጽበት የተቀየረው ሪዞሉሽኑ ብቻ አይደለም፤ ቢትሬቱም አብሮ ዘሏል። መድረኩ ለእያንዳንዱ ደረጃ የራሱን ፋይል አዘጋጅቶ ስለሚያስቀምጥ፣ ከፍ ያለው ደረጃ ከፍ ያለ ቢትሬት አለው። ሁለቱ ሁልጊዜ ተጣምረው ስለሚመጡ ምስጋናውን ስሙ የተጻፈው ወሰደው። ሁለቱ የሚለያዩት እናንተ ራሳችሁ ኤክስፖርት ስታደርጉ ወይም በስልክ ስትልኩ ነው፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚያ ላይ ነው።

አንድ ሥራ አልረሳም። የሦስት ሰዓት የቤተሰብ ዝግጅት ነበር፤ ቀረጻው የታዘዘው ውጭ አገር ላሉ ዘመዶች እንዲላክ ሲሆን ከ1 ጊጋባይት እንዳይበልጥ ተነገረኝ፤ “ግን ሙሉ ኤችዲ ይሁን” ተባልኩ። 1 ጊጋባይት በ10,800 ሰከንድ ሲካፈል ድምፁን ጨምሮ በሰከንድ 740 ኪሎቢት ነው። በ1080ፒ አወጣሁት። ሰዎቹ ቆመው ሲጨባበጡ ደህና ነበር፤ ጭፈራው ሲጀምር ግን ፊቶች ጠፉ። ሴት አያታቸው ከመሐል ገብተው የጨፈሩባት ደቂቃ አለች፤ ማን እንደሆኑ የሚለየው በነጠላቸው ብቻ ነበር። በዚያ ሁኔታ ልሰጠው ኅሊናዬ አልፈቀደልኝም። በ480ፒ ደግሜ አወጣሁት፤ ክብደቱ ያው ነው። አሁን አያታቸው ሲስቁ ይታያል። ያዘዘኝ ሰው መጀመሪያ “480” የሚለውን አይቶ ቅር አለው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ከፍቼ ሳሳየው ግን ክርክር አላስፈለገም።

ጨለማ የራሱ ጣጣ አለው። ብርሃን ባነሰበት ቦታ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ትብነት ከፍ ሲያደርግ ሥዕሉ ላይ አሸዋ የመሰለ ብናኝ ይበተናል። ብናኙ በየፍሬሙ ቦታ ስለሚቀይር ኢንኮደሩ እንደ እንቅስቃሴ ይቆጥረዋል፤ ውድ ቢቶችን ማንም ሊያየው ለማይፈልገው ነገር ያፈሳል። ለፊት የሚሆነው ሳይተርፍ ይቀራል። በሌላ በኩል ከጨለማ ወደ ብርሃን ቀስ ብሎ የሚሸጋገር ግድግዳ ወይም የምሽት ሰማይ ማጠጋጋቱ ሲበረታበት እንደ ደረጃ ይቆራረጣል፤ ክብ ክብ ቀለበቶች ይታያሉ። ለዚህ መድኃኒቱ ያለው ከኮምፒውተሩ ይልቅ ቀረጻው ላይ ነው። አንድ መብራት መጨመር ቢትሬትን በእጥፍ ከመጨመር በላይ የሚጠቅምበት ጊዜ ብዙ ነው። ቀረጻው ካለፈ ደግሞ ኤክስፖርት ከማድረግ በፊት ብናኙን በመጠኑ ማጽዳት ይረዳል።

ስለ ፍሬም ብዛት ባጭሩ፦ ከ30 ወደ 60 ሲወጣ ፍሬሙ በእጥፍ ቢጨምርም ቢትሬቱ በእጥፍ መጨመር የለበትም፤ ተከታታይ ፍሬሞች ይበልጥ ስለሚመሳሰሉ ነው። ዩቲዩብ ለሚጫን 1080ፒ ቪዲዮ በ30 ፍሬም 8 ሜጋቢት፣ በ60 ፍሬም ደግሞ 12 ሜጋቢት በሰከንድ ይመክራል።

ኮዴክም፣ ማለትም ቪዲዮው የሚጨመቅበት ዘዴ፣ መረሳት የለበትም። ኤች.264 በ2003 ወጣ፤ ኤች.265 እና ቪፒ9 በ2013፣ ኤቪ1 በ2018 ተከተሉ። ኤች.265 ሲሠራ ዓላማው ያንኑ ጥራት በግማሽ ቢትሬት ማድረስ ነበር። የቀድሞው ዲቪዲ በኤምፔግ-2 እስከ 9.8 ሜጋቢት በሰከንድ ይጠቀም ነበር፤ ሥዕሉ 720 በ480 ወይም 720 በ576 ብቻ ሆኖ ሳለ። ስለዚህ “5 ሜጋቢት ነው” የሚል ወሬ የኮዴኩ ስም ካልተጨመረበት ግማሽ ወሬ ነው። አዲሶቹ ኮዴኮች ግን ለማውጣት ረጅም ጊዜ ይፈጃሉ፤ አሮጌ ስልክና ቴሌቪዥንም ላይከፍታቸው ይችላል። ለማይታወቅ ተቀባይ ስልክ እኔ አሁንም ኤች.264 ነው የምልከው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ዓይናችን ራሱ ወሰን አለው። ጤናማ ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለመለየት በመካከላቸው የአንድ ዲግሪ 60ኛ ያህል ስፋት ይፈልጋል። ስልክ በ30 ሳንቲሜትር ርቀት ሲያዝ ይህ 0.09 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ስልኩ አግድም ሲደረግ 14 ሳንቲሜትር ስፋት ቢኖረው ዓይን የሚለየው ወደ 1,600 ነጥብ ነው፤ በ720ፒ እና በ1080ፒ መካከል ማለት ነው። 55 ኢንች ቴሌቪዥን ከ3 ሜትር ርቀት ሲታይ ደግሞ 1,400 ነጥብ ገደማ። ስሌቱ ግርድፍ ነው፤ ከዚህ የተሻለ የሚያይ ሰውም አለ። ቢሆንም ከሶፋ ላይ ሆኖ የ4ኬን 3,840 ነጥብ ለይቶ ማየት ለአብዛኛው ሰው የማይቻል ነው። የተቆራረጡ ካሬዎችን፣ የሚንቀጠቀጥ ፀጉርን፣ የሰማይ ላይ ቀለበትን ግን ከዚያው ሶፋ ላይ ሁሉም ያየዋል።

ደጋግሞ መጭመቅ ሌላው ጠላት ነው። ቪዲዮው ከካሜራው ሲወጣ አንዴ ተጨምቋል፤ አቀናብራችሁ ስታወጡት ሁለተኛ፣ መድረክ ላይ ሲጫን ሦስተኛ፤ አንድ ሰው ከዚያ አውርዶ በመልእክት መተግበሪያ ሲልከው አራተኛ። በየደረጃው ኢንኮደሩ የቀደመውን ስሕተት እንደ እውነተኛ ሥዕል ይዞ ያጠጋጋል። ለዚህ ነው ወደ መድረክ የሚጫነው ፋይል ከሚታየው በጣም ከፍ ያለ ቢትሬት ሊኖረው የሚገባው፤ ለሰው ሲላክ ደግሞ እንደ ቪዲዮ ከመላክ እንደ ፋይል ወይም እንደ ሰነድ መላክ የሚሻለው። የደበዘዘውን 480ፒ ወደ 1080ፒ ከፍ አድርጎ ማውጣትም አያድነውም። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፤ ዜሮ ሆኖ የተጣለው ቁጥር ፋይሉ ውስጥ የለም። ያው መረጃ በብዙ ፒክስል ላይ ተዘርግቶ እንደገና ይጨመቅና ከድጡ ወደ ማጡ ይሆናል።

እኔ ስሠራ የፋይል ክብደት ገደብ ከሌለ ቢትሬት አልመርጥም። ሲአርኤፍ የሚባለውን አማራጭ እጠቀማለሁ፤ “ጥራቱን ጠብቅ፣ ቢቱን እንደሚያስፈልገው አንተ መድብ” ማለት ነው። ኤክስ264 በሚባለው የኤች.264 ኢንኮደር ከ0 እስከ 51 ይሄዳል፤ ካልነካችሁት 23 ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል። በ6 ሲጨምር ፋይሉ በግምት በግማሽ ይቀንሳል። ክብደቱ ከተወሰነብኝ ግን መጀመሪያ ቢትሬቱን አሰላለሁ፤ ሪዞሉሽኑን የምመርጠው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለት ዙር የሚያወጣውን አማራጭ እከፍትለታለሁ፤ በመጀመሪያው ዙር ሙሉውን አይቶ የት እንደሚከብድ ያውቃል፣ በሁለተኛው ቢቱን በዚያ መሠረት ያካፍላል።

ቁርጥ ያለ ውሳኔ ሲያስቸግረኝ ከቪዲዮው ውስጥ በጣም የሚረብሸውን ቦታ ፈልጌ 10 ሰከንድ ብቻ እቆርጣለሁ፤ ጭፈራውን፣ ዝናቡን፣ ወይም ካሜራው በፍጥነት የዞረበትን። በዚያው ቢትሬት በሁለት ሪዞሉሽን አወጣና ሁለቱንም ስክሪኑን ሞልተው እንዲታዩ አደርጋለሁ። እንቅስቃሴው በበረታበት ፍሬም ላይ አቆማለሁ። የማየው ሦስት ነገር ነው፦ የፀጉሩን ጠርዝ፣ ከኋላ ያለውን ሣር ወይም ቅጠል፣ ከዚያ ዓይኖቹን። ዓይኑ ወዴት እንደሚያይ የሚታወቅበትን ፋይል ነው የምልከው።